አርባ ሦስቱ ካርታዎችና አንዱ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ በማይባል ወቅት፣ ሰንበሌጥ አፋፍ በሚባል አገር ኦፓል ቆፋሪዎች ይኖሩ ነበር። ይህን የማወራችሁ ፍርድ እንድታግዙኝ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ፈርጄ ሦስቱንም ጊዜ ሐሳቤን ስለለወጥኩ፣ ከእንግዲህ ቢገርፉኝም አልፈርድ።

የአፋፉ ሰው ገደሉን ከጎኑ እየበሳ ይገባል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ጉድጓድ አለው፤ በጊዜው አርባ ሦስት ነበሩ። የጉድጓዱ አፍ ለመንገደኛው ሁሉ ይታያል። ውስጡ ወደ ቀኝ ይታጠፍ ወደ ግራ ግን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የኦፓሉ መስመር በየት እንደሚሄድ ያወቀ ጎረቤት ከራሱ ጉድጓድ ተነስቶ በጎን ይገባና ጠራርጎት ይወጣል። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የተባለው ለእነሱ ይመስላል። በዚያ አገር የሰውን መታጠፊያ ያወቀ ስርቆቱን ግማሽ መንገድ ሄዶታል።

ታዲያ ገደሉ በየክረምቱ ይናዳል። የተናደበትን ሰው ለማውጣት ደግሞ የት እንዳለ ማወቅ የግድ ነው። ስለዚህ የቆፋሪዎቹ ማኅበር ሕግ አወጣ፤ ሁሉም የጉድጓዱን ካርታ በማኅበሩ ኮምፒውተር ያስቀምጥ፣ ካርታውም ተቆልፎ ይኑር፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ ወይም ካልተናደበት በቀር አይከፈት ተባለ። በኋላ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ረዳት ሲመጣ ይህንኑ ሥራ እንዲያግዝ አስገቡት። አገሬው «አንባቢው» ብሎ ነው የሚጠራው። በየጉድጓዱ የተሰቀለውን የአየር መለኪያ ያነባል፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን መዝገብ ያነባል፣ ሲፈቀድለት ካርታ ያነባል። አይጽፍም፣ አይሰርዝም፣ ማሽን አያስነሳም። «እጅ የለው፣ ዓይን ብቻ ነው፤ ምን ያመጣል?» ብለው ነበር የተስማሙት። ዓይን በዚያ አገር ምን እንደሚያመጣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ እነሱ ግን የሚያውቁትን ረሱት።

ካርታ የሚከፍተው ቁልፍ የብረት ቁልፍ አይደለም። በቁልፍ ያዡ ስልክ ላይ የሚመጣ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ነው። ቁልፍ ያዡ ደግሞ ይመር ነበር።

ይመር፣ ጦይባና አበጋዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይመር ታላቁ ነው። ቁልፉን በያዘበት ሰባት ዓመት ውስጥ ለአንድም ሰው ካርታ አላሳየም። የገዛ አማቱ «የጎረቤቴን ብቻ፣ ለአንድ አፍታ» ብለው ቢለምኑት እምቢ ብሏቸዋል፤ እሳቸውም እስከ ዛሬ ቤታቸው ሲሄድ ውሃ ቀጠነ ይላሉ። ጦይባ በማኅበሩ ቢሮ ተቀምጣ አንባቢውን የምታዘው ናት። መጠየቅ የእሷ ሥራ ነው፤ መክፈት ግን አይፈቀድላትም። አበጋዝ ትንሹ ሲሆን የዘጠኝ ቁጥር ጉድጓድ ቆፋሪ ነው።

አሥራ ሰባት ቁጥር ደግሞ የሙሄ ነበር። ሙሄ ሳቂታ፣ ቀልደኛ፣ ሰአዳ የምትባል ሚስትና ሦስት ሴት ልጆች ያሉት ሰው ነው። አንድ ሐሙስ ጓደኞቹ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። እሱ «አንዲት ጥግ አስተካክዬ እደርስባችኋለሁ» ብሎ ብቻውን ገባ። ሦስት ቀን ዘንቦ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጉድጓዱ አፍ ተናደ።

ሙሄ አልሞተም። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከድንጋይ ሥር ገብቷል፤ መብራቱ ጠፍቷል፤ ዶማው ከእጁ ርቋል። ሊጮኽ ሲል አቧራው ጉሮሮውን ያዘው። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «ካርታዬን ከፍተው ይመጡልኛል» የሚል ነበር። ወዲያው ግን ምን እንዳስመዘገበ ትዝ አለው። ካርታው ውሸት ነበር። ሲያስመዘግብ «አንባቢው ዛሬ ለእኛ ያነባል፤ ነገ ለማን እንደሚያነብ በምን አውቃለሁ?» ብሎ ወደ ግራ የታጠፈውን ወደ ቀኝ ነው ብሎ አስገብቶት ነበር። ለሰአዳ እንኳ አልነገራትም። አሁን በጨለማው ውስጥ ተጋድሞ ሰዎቹ ወደ ቀኝ ሲቆፍሩ በሐሳቡ ያያቸዋል። ልንገራቸው ቢል በምን በኩል? እጁ በደረሰበት ጠጠር ግድግዳውን መታ፣ አዳመጠ፣ እንደገና መታ። ፈራ፤ በጣም ፈራ።

ውጭ ላይ አገሩ ተሰብስቧል። ሰአዳ በባዶ ራሷ ሮጣ ደርሳለች።

ይመር በሕጉ መሠረት የአሥራ ሰባት ቁጥርን ካርታ ከፈተ። ጦይባ ጠየቀች፣ አንባቢውም መለሰ።

«በካርታው መሠረት ሰውየው ከቀኙ መታጠፊያ ጫፍ ላይ ነው። ነገር ግን ካርታው ከአየር መለኪያው ጋር አይስማማም። ለምን እንደማይስማማ ለማወቅ የጎረቤቶቹን ካርታዎች ማየት አለብኝ፤ እነሱ ለእኔ ዝግ ናቸው።»

ጦይባ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። «ጋሼ፣ ክፈትለት።»

«የተናደበት ሙሄ ነው። የሙሄን ከፍቻለሁ።»

«ማንበብ ብቻ እኮ ነው!»

«እዚህ አገር ከማንበብ ወዲያ ምን ሌላ ሌብነት አለ?» አለ ይመር። «አርባ ሁለት ቤት በእኔ ተማምኖ ነው የተኛው።»

በቀኝ በኩል ተቆፈረ። ወንዶቹ እየተፈራረቁ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በዲጂኖ ቢሉት በዶማ ቢሉት ጠንካራ አለት እንጂ ሰው አልተገኘም። በዚህ መሃል መንገድ ሠሪዎች ኤክስካቫተር ላኩ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ካርታው ያሳየው ቦታ ላይ ከአናቱ ይከፈት አለ፤ ሕዝቡም «ይከፈት!» አለ። ይመር ግን «መጀመሪያ ላዳምጥ» አለ። ጃኬቱንና ስልኩን ጭቃ እንዳይነካቸው ለጦይባ ሰጣትና መሬት ላይ ተኝቶ ጆሮውን ለጠፈ። ብዙ ቆየ፤ ምንም አልሰማም። ተነስቶ ከማሽኑ አካፋ ፊት ቆመ።

«አንባቢው የነገረን ያነበበውን ነው። ያነበበው ደግሞ ሰው የጻፈውን ነው። በጆሮ ሳይሰማ ብረት ገደሉን አይነካም።»

ሰአዳ እግሩ ላይ ወደቀች። «ይመር ወንድሜ፣ ካርታ አልከፍትም አልክ፤ አሁን ደግሞ ገደሉን አላስከፍትም ትላለህ። ታዲያ ባሌን በምን ላውጣው?»

ይመር አለቀሰ፤ ሁሉም አይቶታል። ከቆመበት ግን ንቅንቅ አላለም። ድንጋይ የወረወረበትም ነበር። በኋላ አገር የሚያውቃቸው መሐንዲሶች መጥተው ሲያዩት፣ ያ ማሽን እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ቢያርፍ ኖሮ ዳገቱ በሙሉ ወደ ግራ ተንሸራቶ ሙሄን ከነነፍሱ ይደፍነው ነበር አሉ። ይመር ይህን አያውቅም ነበር። ያወቀው ያልተጣራ ነገር ላይ እጅ እንደማይነሳ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጦይባ እንምጣ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። የወንድሟ ስልክ እጇ ላይ ነው፣ ወንድሟ ከማሽኑ ፊት ቆሟል፣ የሰአዳ ለቅሶ ቢሮው ድረስ ይሰማል። በሩ ላይ አበጋዝን አገኘችው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሁሉንም ልከፍተው ነው» አለችው።

አበጋዝ ይህን ሲሰማ ዞሮ ሄደ።

ጦይባ ገብታ ቁጥሩን አስገባች። አርባ ሦስቱም ካርታዎች ለአንባቢው ተከፈቱ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ሁሉንም አንብቦ ጨረሰ። አንባቢው ሲመልስ ምክንያቱን አብሮ የማሳየት ልማድ ነበረው፤ እንዲያ እንዲሆን የጠየቁትም ራሳቸው ማኅበርተኞቹ ናቸው፣ «ዝም ብሎ አይንገረን፣ ያሳየን» ብለው። ስለዚህ አርባ ሦስቱ ጉድጓዶች ከነመታጠፊያቸው በግድግዳው ስክሪን ላይ ተዘረጉ።

«አርባ አንዱ ካርታዎች ከአየራቸው ጋር ይስማማሉ። ዘጠኝና አሥራ ሰባት ቁጥሮች አይስማሙም። የሁለቱ አየር ግን አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል። በካርታዎቹ ላይ የትኛውም ጉድጓድ ያልደረሰበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከአሥራ ሰባት በግራ በኩል። በዘጠኝ ቁጥር ገብቶ ወደዚያ መቆፈር ሳይሻል አይቀርም። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሰው ሄዶ ይይ።»

ጦይባ በመስኮቱ «በዘጠኝ ቁጥር! በግራ!» ብላ ጮኸች። መስኮቱ ላይ ሰው ተኮልኩሎ ነበር። ሁሉም ሮጠ። ግን ከመሮጡ በፊት አየ። ለሙሄ ሲያለቅስ የዋለ ሰው እንባውን እየጠረገ የሌላውን መታጠፊያ አየ፤ ስልኩን ያነሳም ነበር። አንባቢው ለማንም አልሰጠም፣ ጦይባም ለማንም አልሰጠችም። ሆኖም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአራት ቁጥር ጉድጓድ ባለቤት ጌጤ፣ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ፣ ከሁሉም የተሻለ መስመር እንዳላት ማንም የማያውቅላት ሴት፣ አንድ ጠዋት ብትገባ በጎን ተበስቶ ባዶውን አገኘችው። ማን እንደሆነ አልታወቀም። ጦይባ ይቅርታ ልትል ደጋግማ ሄደች፤ ጌጤ በር አትከፍትላትም።

አበጋዝ ከቢሮው በር ዞሮ የት ሄደ? ይህን ለመንገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አበጋዝ አራት ወር ሙሉ ከዘጠኝ ቁጥር ተነስቶ ወደ ሙሄ መስመር ሲታጠፍ ነበር። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ አበጋዝም የራሱ መስመር ሳይነጥፍበት ነው ወደ ሰው የሄደው። የሙሄን ዶማ በግድግዳው ማዶ ይሰማው ነበር፤ ሙሄ ሲያንጎራጉር ዜማውን እስኪለይ ድረስ ቀርቦት ነበር። እንግዲህ ያን ሐሙስ ጠዋት በቀኝ በኩል ከተሰለፉት ቆፋሪዎች አንዱ አበጋዝ ነበር። ሰውየው በግራ እንዳለ እያወቀ ከሌሎቹ ጋር በቀኝ ቆፈረ። ለምን አትሉም? የማኅበሩ ሕግ የሰው መስመር የገባን ሰው ከነቤተሰቡ ያባርራል፤ በአፋፉ ዳግመኛ አይቆፍርም፣ ልጁም አይቆፍርም። ሚስቱና ሽማግሌ እናቱ በእሱ እጅ ናቸው። ልናገር ሲል አንደበቱ ይያዛል፤ ዝም ልበል ሲል የሙሄ ዜማ ጆሮው ላይ ይመጣበታል። ሙሄ ከድንጋይ ሥር፣ አበጋዝ ከዝምታው ሥር ሆነው ስድስት ሰዓት ደረሰ።

ከቢሮው በር ሲዞር በቀጥታ ዘጠኝ ቁጥር ገባ። ብቻውን፣ ማንንም ሳይጠራ። ገደሉ ገና ጠጠር ይጥል ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ጉድጓድ መግባት ሞትን መጥራት ነው። ግድግዳውን በዲጂኖ ወጋው፣ ብረቱ ሲጣመምበት በጥፍሩ ቧጠጠው። ሕዝቡ ሲደርስ ክንድ የምታስገባ ቀዳዳ ከፍቶ፣ ከማዶ የወጣ የሙሄ እጅ የእሱን አንጓ ጨብጦ አገኙት። ሙሄ በኋላ ሲናገር «እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ ነበር፤ አየሩ ሲገባ ነው የነቃሁት» ብሏል። በዚያች ቀዳዳ ባይተነፍስ ኖሮ ሰዎቹ የሚደርሱት ለሬሳ ነበር። ሰዎቹ ባይደርሱ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ያን ግድግዳ አይጥለውም።

አበጋዝ «ጦይባን ሳገኛት የመጣሁት ልናገር ነበር» ይላል። ሌሎች ደግሞ «ካርታው ሊከፈትና ሊጋለጥ መሆኑን ሲሰማ ነው የገባው» ይላሉ። የልቡን እሱና ፈጣሪው ያውቁታል።

ሙሄ ከቀኑ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ወጣ። በሕይወት ወጣ። ሐኪሙ ግን እግሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ «ሦስት አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢሆን እናተርፈው ነበር» አለ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

እነዚያ ሦስት አራት ሰዓታት የማን ናቸው? ይመር ካርታ አልከፍትም ብሎ የያዛቸው ናቸው? አበጋዝ ዝም ብሎ ያሳለፋቸው? ወይስ ከመጀመሪያው ውሸት ያስመዘገበው የሙሄ የራሱ? እኔ ስቆጥራቸው አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው ይደርሳሉ።

የጌጤ ጉድጓድ ከተዘረፈ በኋላ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ቁልፍ ከያዡ እጅ ከወጣ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ሕጉ ያዡን ይሽረዋል፤ ስለዚህ ይመር ተሻረ። አዲስ ያዥ እስኪሾም አንባቢው ይዘጋል። አንባቢው ከተዘጋ የአየር መለኪያውን የሚከታተል የለም፤ የሚከታተል ከሌለ ደግሞ ጉድጓድ መግባት ክልክል ነው። በዚህ ምክንያት የአርባ ሦስቱም ጉድጓድ ሰዎች በየጉድጓዳቸው አፍ ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ። መግባት አይችሉም፤ ትተው እንዳይሄዱ ሁሉም የሁሉንም መታጠፊያ አይቷል፣ ዞር ሲሉ ይበሳል። ባል ሲበላ ሚስት ትጠብቃለች፣ ሚስት ስትተኛ ባል ይጠብቃል። ጎረቤት ከጎረቤት ዓይን ለዓይን እየተያየ ሦስተኛው ሳምንት ገባ። ያሳዝናሉ። አፋቸው ክፍት የሆነ አርባ ሦስት ጉድጓዶች ፊት ሰው ታስሮ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

ያዡን የሚሾመው ማን ነው? በማኅበሩ ልማድ ከናዳ የተመለሰ ሰው ቃሉ ይከበራል። ስለዚህ «ሙሄ ይንገረን» ተባለ። ሙሄም አስቀድሞ አበጋዝን ይቅር አለው፤ የመስመሩ ባለቤት ይቅር ካለ መባረሩ ይቀራል። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች አልጋው ዘንድ መጡ።

ይመር ቆሞ ተናገረ። «ሰው ካርታውን የሰጠን እንደማይከፈት አምኖ ነው። እኔ ለአንተም ለጌጤም እኩል ነበርኩ። ያልገባኝን ነገር ብረት እንዳይነካው ያደረግሁትም እኔ ነኝ። እግርህ ግን በእንቅልፌ ይመጣብኛል።»

ጦይባ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። «ለመዝጋትማ ድንጋይም ይበቃል፤ ቁልፍ የሚያዘው ለመክፈት ነው። ሰው ከመሬት በታች ካለ ነገም እከፍታለሁ፤ አልዋሽህም። በስክሪን ላይ ግን አልዘረጋም። ያን ባለማሰቤ ጌጤን ጎድቻለሁ።»

አበጋዝ ተንበርክኮ ቀረ፤ ተነስ ቢሉትም አልተነሳም። «እኔ ሌባ ነበርኩ፤ አገር ያወቀው ነው። ግን ሌባ በየት እንደሚገባ፣ አንባቢውን በምን አሳቦ እንደሚያስጠይቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞም ካርታ ሲዋሽ ገብቼ በእጄ የምፈልግ እኔ ነኝ።»

ሙሄ ጣሪያውን እያየ እንደ ድሮው ሊቀልድ ሞክሮ ሳይሆንለት ቀረ።

«ሦስታችሁም አወጣችሁኝ» አለ በመጨረሻ። «አንዳችሁ ብትጎድሉ ዛሬ አፈር ነበርኩ። ደግሞ ሁለታችሁ እየቀበራችሁኝ ነበር፤ ጦይባ፣ አንቺም ጌጤን ቀበርሽ። እኔም ራሴን ስቀብር ነበር። በማን ልፍረድ?»

ሰአዳ እስከዚያ ድረስ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። የባሏን ዶማ ይዛ ገባች።

«አንተ ቶሎ ፍረድ» አለችው። «በአንድ እግር ጉድጓድ አይገባም፤ ልጆቹም መብላት አለባቸው። አሥራ ሰባት ቁጥር ከእንግዲህ የምገባው እኔ ነኝ። ካርታውንም እንደገና አስመዘግባለሁ። እውነቱን ላስመዘግብ ወይስ እንዳንተ ልዋሽ የምወስነው ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ሳውቅ ነው።»

ሙሄ ሚስቱን አያት፣ ሦስቱንም አያቸው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲህ ሲጠይቁት አይመልስም፤ ገደሉም እስከ ዛሬ እንደታሰረ ነው።

እንግዲህ እናንተ ተናገሩ። ነገ ሰአዳ ዶማዋን ይዛ ወደዚያ ጨለማ ስትገባ፣ ከእምቢተኛው ከይመር፣ ከከፋቿ ከጦይባና ከተጸጸተው ከአበጋዝ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?